ማንኪራ ያስተማረችኝ፦ ስለ ነገ መምህራንና ስለ ልጆች አእምሮ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከኮሚቴው ደውለው «ከሙያሽ አንድ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንድናገር ጠብቀው እንደሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕድሜያችን ለዚያ መድረሱን አውቃለሁ፤ መለኪያውን ይዤ መጥቻለሁ፣ ምሳ ላይ እለካችኋለሁ። አሁን የማወራው ግን ስለ መምህራን ነው። እሱም ስለ ነባሮቹ ሳይሆን ገና በመምህራን ኮሌጅ ወንበር ላይ ስላሉት፣ ነገ የልጆቻችንን እጅ ይዘው «ሀ» ስለሚያስጽፉት ወጣቶች። ስለ ልጅ አእምሮ ምን ያምናሉ? ኮሌጅ የሚማሩት ንድፈ ሐሳብና ልባቸው ውስጥ ያለው እምነት ይተዋወቃሉ ወይ? «ሐኪም በዚህ ምን ጥልቅ አደረጋት?» የሚል ካለ፣ ጥልቅ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ ቦንጋ ወደምሠራበት ክፍል ገባ። እጁ ላይ ከደብተር የተቀደደ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። የልጁ መምህርት የጻፈችው ነው። «ትምህርት አይገባውም፤ ሲጠሩት አይመልስም፤ አእምሮው ይመርመርልን» ይላል። ልጁን አስቀምጬ ከኋላው ቆሜ ስሙን በቀስታ ጠራሁት። ዝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጠራው ዞረ። ጆሮውን በመሣሪያ ሳየው ሁለቱም መግል ይዘዋል፤ ጠርጌ ሳይ ታምቡሮቹ ተበስተዋል። አባቱን «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚፈሰው?» ብለው፣ «ኧረ ከሕፃንነቱ ነው ዶክተር፤ እሱማ ለምደነዋል» አለኝ። ልጁ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበር። ሰነፍ ስለተባለ።

መምህርቷን ለማግኘት ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር ልቆጣት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መጣች፤ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ፈርታለች። እንደጠበቅኋት ግድ የለሽ ሆና አላገኘኋትም፤ እንዲያውም ለዚያ ልጅ ከደመወዟ ደብተር ስትገዛለት ኖራለች። ወረቀቱንም የጻፈችው ጨንቋት ነው። «ኮሌጅ ሳለሽ ስለ ልጆች እድገት ተምረሻል?» አልኳት። «አዎ ዶክተር» ብላ የፒያጄን አራት ደረጃዎች ከነዕድሜያቸው ሳታዛንፍ ወረደችው፤ ከልደት እስከ ሁለት ዓመት፣ ከሁለት እስከ ሰባት፣ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ፣ ከዚያም በላይ። እኔ ራሴ እንደዚያ አላስታውሰውም። «ታዲያ ይሄ ልጅ የትኛው ላይ ነው?» አልኳት። አቀረቀረች። ትንሽ ቆይታ፣ «እሱ እኮ የፈተና ነው ዶክተር» አለችኝ።

ቁጣዬ እዚያው በረደ። ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ፣ ከእሷ ባልተሻለ መንገድ፣ የፈተናዬን ወረቀት ይዤ አንዲት ልጅ ፊት ቆሜ ነበር።

የገባንበትን ዓመት ታስታውሳላችሁ፤ 1992 ዓ.ም. ነው። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ያን ዓመት ነበር። ስንመረቅ ዕጣ አወጣን፤ ለኔ ቦንጋ ወጣልኝ። «አይዞሽ፣ ለጅማ ቅርብ ነው» እያላችሁ ያጽናናችሁኝ ዛሬ እዚህ አላችሁ፣ እያየኋችሁ ነው። ቅርብስ ቅርብ ነው፤ ግን ሸቤን አልፋችሁ፣ ጎጀብን ተሻግራችሁ ዳገቱን ስትያያዙት ደኑ ይውጣችኋል፤ ቋንቋውም፣ ሽታውም ሌላ ነው።

ማንኪራ ያለችው ዴቻ ወረዳ ውስጥ ነው፣ ከቦንጋ ብዙም አትርቅም። ቡናው ሰው ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ ይበቅላል። የአገሩ ሰው ስለ ቡና መገኛ ክርክር ሲነሳ ማንኪራን ጠርቶ ነው የሚዘጋው፤ እኔም ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ጥቂት የቀረኝ የአገሩ ሰው ነኝና አልከራከርም። በመጀመሪያው ዓመቴ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር የልጆችን ክትባትና አመጋገብ ለማየት ወደዚያ ወረድን። ቦርሳዬ ውስጥ የልጆችን እድገት የምንለካበት ዝርዝር ነበረ፤ በዚህ ዕድሜ ይህን ትላለች፣ በዚያ ዕድሜ ያን ታደርጋለች የሚል፣ ከውጭ የመጣ። ትኩስ ምሩቅ ነኝ፤ ዝርዝሬን አምናለሁ።

አንዲት አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ አገኘኋት። «ስምሽ ማነው?» መልስ የለም። «ይሄ ቀለም ምንድን ነው?» መልስ የለም። «እስኪ ሦስት ድንጋይ ስጪኝ።» ታየኛለች እንጂ አትነቃነቅም። በአማርኛ ነበር የምጠይቃት። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትተረጉምልኝ ነበር፤ ግን እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ዓይኔን አፍጥጬባት፣ እስክሪብቶዬን ቀስሬ ነው። ካርዱ ላይ «እድገቷ ዘግይቷል» ብዬ ጻፍኩ። አያቷ ማንበብ አይችሉም፤ ፊቴን ግን አነበቡት። ምንም ሳይሉ ቡና ሊያፈሉ ተነሱ።

ልጅቷም ተነሳች። ፍም በገል ይዛ መጣች። ሲኒዎቹን አጥባ ደረደረች። ቁጥራቸውን ልብ ያልኩት በኋላ ነው፤ ልክ እንደሰዎቹ ቁጥር ስድስት ነበሩ። ሾፌራችን መኪናውን አቁሞ ዘግይቶ ሲገባ ማንም ምንም ሳይላት ሮጣ ሰባተኛውን አመጣች። ለኔ ጆሮው ያልተሰበረውን ሲኒ መርጣ ሰጠችኝ፣ እንግዳ ነኛ! ሲቀዳ ደግሞ አያቷ ጀበናውን ይዘው፣ የእሷን እጅ በእጃቸው ሥር አድርገው ነበር። ቁጥር፣ ቅደም ተከተል፣ ማስታወስ፣ የሰው ስሜት ማንበብ፤ የእኔ ዝርዝር ሊለካ የፈለገው ሁሉ እዚያ ረከቦት ላይ ተደርድሮ ነበር። ካርዱ ላይ የጻፍኩትን ሰረዝኩት። ሌሎች ቀበሌዎች ውስጥ ያልሰረዝኳቸውን ግን እግዜር ይቁጠራቸው።

ነገሩ የእኔ ብቻ ስህተት አልነበረም። የእኛው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዴንቨር የሚባለውን የልጆች እድገት መለኪያ ወስደው ለጅማ ልጆች እንዲሆን አስተካክለው፣ በእኛ ልጆች መጠን ለክተው በ2016 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ ዴንቨር ሁለት ጅማ ይባላል። የእኛ ልጅ የማታውቀውን አሻንጉሊት፣ የማትጫወተውን ጨዋታ እየጠየቁ «ዘግይታለች» ማለት ልኬት እንዳልሆነ ነው ያሳዩን። ያ ሥራ ከመውጣቱ ዘጠኝ ዓመት በፊት ማንኪራ ውስጥ አንዲት አያት በጀበና ነግረውኛል፤ ባለማዕረግ ስላልሆኑ ግን አልጠቀስኳቸውም።

እንግዲህ ያቺ ወጣት መምህርት «እሱ የፈተና ነው» ካለችኝ በኋላ ነገሩን መተው አቃተኝ። ቦንጋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ ሠልጣኞቹን ገበያም፣ ሻይ ቤትም አገኛቸዋለሁ። ጥቂቶቹን ከሰዓት በኋላ ሰብስቤ ቡና ጋበዝኳቸውና ቁራጭ ወረቀት አደልኳቸው። ስም አትጻፉ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ አልኳቸው፤ «ልጅ ትምህርት እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?» ይሄ ጥናት አይደለም፤ መቶኛ እንዳትጠይቁኝ። የሰዎችን ልብ ለመስማት ያህል ነው።

«ቤተሰብ ስለማይከታተል» የሚል ብዙ ነበር። «ረሃብ» የሚል ነበር። «በተፈጥሮው»፣ «ዕድሉ ስላልሆነ»፣ «አንዳንዱ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም»። አንዱ «ስለማይገረፍ» ብሎ ጽፎ፣ ሰርዞት፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጽፎታል። አንዷ «መምህሩን ስለሚፈራ» ብላለች፤ ከሁለቱ መልሶች አንዱ የሌላው መልስ ይመስላል፣ አይደል? ፒያጄም፣ ቪጎትስኪም አንድም ወረቀት ላይ አልነበሩም። ከዚያ ቃል በቃል «የትኛውን ንድፈ ሐሳብ ትመርጣላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ግን ቤቱ ባንድ አፍ «ተማሪ ተኮር! ልጁ ዕውቀትን ራሱ ይገነባል!» አለኝ። ያው ሰዎች ናቸው፤ በአሥር ደቂቃ ልዩነት።

አልፈረድኩባቸውም። እኛ እኮ ስለ ልጅ ንድፈ ሐሳብ የጀመርነው ኮሌጅ ገብተን አይደለም። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ያለው ሰው ስለ ልጅነት ወሳኝ ወቅት እያወራ ነው፤ እንደ ሕፃናት ሐኪም እፈርምለታለሁ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ያለው ግን ሌላ ንድፈ ሐሳብ ይዟል፤ ልጅ ሥራ ላይ አይታመንም ይላል። በማንኪራዋ ልጅ ምስክርነት እሱን ተረት ይግባኝ ብዬበታለሁ። «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለው ከሁሉም ይከፋል። መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ እዚያው ያስቀመጠው እሱ ነው። መምህርቷ አራቱን ደረጃዎች ስትሸመድድ ይሄኛው ንቅንቅ አላለም፤ የተቀመጠው ሌላ ክፍል ውስጥ ነዋ።

ዳን ሎርቲ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ስለ መምህራን በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር ጥሩ አድርጎ አስቀምጦታል። በእሱ አገር አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራንን ሲመለከት ይኖራል ይላል። እኛ አገር በፈረቃ ስለተማርን ሰዓቱ ያንሳል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። እስቲ አስቡት፤ ከመካከላችን ሰባት ዓመት ሳይሞላው ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ያየ አለ? የለም። እኛ ሕክምናን ስንማር ባዶ ቦታ ላይ ነው የተጻፈብን። የመምህርነት ሠልጣኝ ግን ኮሌጅ ሲገባ ለአሥራ ሁለት ዓመት ሥራውን ቁጭ ብሎ ሲያይ ኖሮ ነው። ያየው ደግሞ ከፊት ያለውን ብቻ ነው፤ መምህሩ ሲጽፍ፣ ሲጠይቅ፣ ሲቆጣ። መምህሩ ማታ ምን እንዳሰበ፣ ያን ልጅ ለምን እዚያ እንዳስቀመጠ አላየም። ስለዚህ ሰባ ልጅ ፊት ሲቆምና ሲጨንቀው የሚመጣለት የሦስተኛ ክፍል መምህሩ ድምፅ ነው። ፒያጄ አይመጣለትም። ለኔም እኮ ማታ ተረኛ ሆኜ ሲጨንቀኝ የሚመጣልኝ የመጽሐፉ ገጽ አይደለም፤ እዚህ የተቀመጡት መምህሬ ያኔ ያደረጉት ነው።

ያን ዕለት ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ መልስም ነበረ። ሌሎቹ ከወጡ በኋላ አንድ ሠልጣኝ ቀረ። ሲኒዎቹን እየሰበሰበልኝ፣ «ዶክተር፣ እኔ ማንጆ ነኝ» አለኝ። የካፋን ነገር ለማታውቁ፣ ማንጆ በአደን ይኖር የነበረ፣ ለብዙ ዘመን አብረውት የማይበሉት፣ ቤት የማያስገቡት ማኅበረሰብ ነው። ሕጉ ተለውጧል፤ ልብ ግን እንደ ሕግ ባንድ ቀን አይታወጅም። «ሦስተኛ ክፍል ድረስ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም» አለኝ። «አይገባኝም ነበር። ማለቴ፣ አይገባህም ስለሚሉኝ አይገባኝም ብዬ ተቀመጥኩ። አራተኛ ክፍል ስንገባ አዲስ መምህር መጣ። ሰልፍ አሠለፈንና በቁመት አስቀመጠን። በቃ፣ በቁመት። እኔ አጭር ነበርኩ፤ ፊት ወንበር ላይ የአንድ ባለሀብት ልጅ አጠገብ ደረሰኝ። ያ ልጅ ማካፈልን አስተማረኝ።»

«መምህሩ ይህን ሆን ብሎ ነው ያደረገው?» አልኩት። «እኔ እንጃ ዶክተር። ምናልባት ሰሌዳው እንዲታየን ብሎ ይሆናል። እኔ ግን መምህር የሆንኩት በሱ ነው» አለኝ።

ይህን ታሪክ ይዤ ነው የቪጎትስኪን ነገር እንደገና ያነበብኩት። ሌቭ ቪጎትስኪና ዣን ፒያጄ ሁለቱም የተወለዱት በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዓድዋ ዓመት። ካፋም ያኔ ገና የራሷ ንጉሥ ያላት አገር ነበረች። በነገራችን ላይ ማሪያ ሞንቴሶሪ ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀችውም በዚያው ዓመት ነው፤ የሙያ አጋራችን ናትና ሳልጠቅሳት ባልፍ ቅር ይለኛል። ቪጎትስኪ ጎሜል በምትባል ከተማ መምህራንን ሲያሠለጥን የነበረ፣ በኋላም መስማትና ማየት ከተሳናቸው ልጆች ጋር የሠራ ሰው ነው። በ37 ዓመቱ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ እሱን ሳስብ እንደ ሐኪም ይቆጨኛል። የተወው ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፤ ልጅን ብቻውን የሚችለውን ብቻ አይታችሁ አትለኩት፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆኖ የሚችለውን እዩ፣ ነገ ብቻውን የሚያደርገው እሱን ነውና። አያቷ ጀበናውን ሲቀዱ የልጅቷ እጅ በእጃቸው ሥር ነበር ብዬአችሁ የለ? እሱ ነው። የፊት ወንበሩ የማካፈል ትምህርትም እሱ ነው።

ፒያጄን ደግሞ አራት ደረጃ አድርገን ቀብረነዋል። ሰውየው በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የማሰብ ችሎታ ፈተና ሲያዘጋጅ የማረከው ትክክለኛው መልስ አልነበረም፤ የተሳሳተው ነው። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች ተመሳሳይ ስህተት ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ ስህተቱ የራሱ አስተሳሰብ አለው አለ። በኋላም የራሱን ሦስት ልጆች ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ቁጭ ብሎ ሲመለከት፣ ሲጽፍ ኖረ። ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ምን ይሰጠዋል? እኛ ግን ከፒያጄ የወሰድነው የዕድሜ ሰንጠረዡን ነው። ስህተቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ እናደርጋለን፣ አለቀ።

ሠልጣኞቹን በሁለተኛው ዙር ስንገናኝ የውኃውን ሙከራ በሰፈራቸው ልጆች ላይ እንዲያደርጉ ጠየቅኋቸው። ታውቁታላችሁ፤ ሁለት እኩል ብርጭቆ ውኃ፣ አንደኛውን ረጅምና ቀጭን ዕቃ ውስጥ ትገለብጣላችሁ፣ «የቱ ይበልጣል?» ትላላችሁ። ትንሽ ልጅ ረጅሙን ያሳያል። ሁለት ሠልጣኞች ሳይነጋገሩ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ላይ ሠርተው ተቃራኒ ውጤት ይዘው መጡ። አንደኛው በአማርኛ፣ ከመገልበጡ በፊትም በኋላም ያንኑ ጥያቄ ጠይቋታል፤ ልጅቷ «ረጅሙ» ብላለች። ሌላኛዋ ከቀናት በኋላ በካፊኖኖ፣ እንደ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ አድርጋው፣ «ለሁለት እንግዶች እኩል እንቅዳላቸው፤ ውይ፣ የዚህኛው ብርጭቆ ጠርዙ ተሰብሯል፣ በዚህኛው እናድርግለት» ብላ ገልብጣ ጠየቀቻት። ልጅቷ «ያው ነው» አለች።

ክርክሩ ሞቀ። «በመሀል ተምራው ይሆናል» አለ የመጀመሪያው፤ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እኔም አልዘጋሁትም። ግን አንዲት ሠልጣኝ የተናገረችውን ስሙልኝ፤ «ቲቸር አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ከጠየቀ የመጀመሪያው መልስሽ ተሳስቷል ማለት ነው። እኔ ብሆንም እቀይራለሁ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሁላችንም እንደዚያ አድገናላ። ስኮትላንዳዊቷ ማርጋሬት ዶናልድሰን በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች አእምሮ በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ልጁ የሚመልሰው የተነገረውን ቃል ብቻ አይደለም፤ ጠያቂው ምን ፈልጎ እንደጠየቀም ነው። ጥያቄው ለልጁ ሰዋዊ ትርጉም ሲኖረው መልሱ ይለወጣል። ሜክሲኮ ውስጥም የሸክላ ሠሪ ልጆች በጭቃ ሲጠየቁ ከሌሎች ልጆች የተሻለ እንደመለሱ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ያቺ ሠልጣኝ ዶናልድሰንን አላነበበችም። ግን ከዚያን ዕለት በኋላ ንድፈ ሐሳቡ የፈተና አልሆነባትም፤ በዓይኗ አይታዋለችና፣ ከራሷ ልጅነት ጋር አጋጭታዋለችና።

ከመካከላቸው አንዱ ግን ጥሩ አድርጎ ያዘኝ። «ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ቪጎትስኪ የት ይቀመጣል?» አለኝ። መልሱን ይዤ አልነበረም፣ አሁንም ሙሉውን አልያዝኩም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ ተማሪ ተኮር ስንል ኖረናል፤ ወንበሩም፣ መጽሐፉም፣ የክፍሉ ስፋትም ግን መምህር ተኮር ሆነው ቀሩ። ይህን ሸክም በሃያ ዓመት ወጣት ትከሻ ላይ ጭኖ «ለምን አልለወጥክም?» ማለት ነውር ነው። የቻልኩትን ያህል ግን ሰባ ልጅ ማለት ስልሳ ዘጠኝ ረዳት ማለትም ነው አልኩት፤ ከፊት ወንበር ያለው ማካፈልን ያስተምራል። «አንድ ለአምስት ነው የሚሉን?» ብሎ ፊቱን አጨማደደ። አይ፣ እሱን አይደለም! አንድ ለአምስት ስም መቁጠሪያና ሪፖርት መሙያ ሆኖ ልጆቹ ራሳቸው ሰልችተውታል። እኔ የምለው ማን አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ አስቦ ማስቀመጥን ነው። ገንዘብ አያስወጣም፤ በቁመትም ቢሆን ይጀመራል።

ስለ ረሃቡም ሐኪም ነኝና ሁለት ቃል። «ተርቦ ያደገ ልጅ አእምሮው አበቃለት» የሚል እምነት ከሠልጣኞቹ ሰምቻለሁ፤ ከእኛም ሙያ ሰዎች ሰምቻለሁ። በጃማይካ ዋና ከተማ ኪንግስተን የቀነጨሩ ሕፃናት ቤት የጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ሰዓት እየሄዱ፣ በእጅ በተሠራ መጫወቻ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር መጫወት ለሁለት ዓመት አለማመዱ። ውጤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የልጆቹ አእምሮ እድገት ተሻሽሎ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲፈለጉም ገቢያቸው ካልታገዙት በሩብ ያህል ይበልጥ ነበር። ምግቡ የግድ ነው፣ እሱን አልቀንስም። ግን የተራበውን ልጅ መጨረሻ ወንበር ላይ መርሳት ሁለተኛ ረሃብ ነው።

ወደ እናንተ የመጣሁበት ነገር ይሄ ነው። ጅማ ምን ነበር ያደረገችን? ገና ጀማሪ ሳለን ሲቢቲፒ ብላ ወደ ቀበሌ አወረደችን። ቤት ለቤት ዞርን፣ ሽንት ቤት ቆጠርን፣ ውሻ አባረረን፣ አንዳንዶቻችን ጭቃ ላይ ወደቅን (ስም አልጠራም፤ ዛሬ ክብር እንግዳ ነው)። ያኔ አማረርን። ግን በሽታ የሚኖረው ሰው ቤት መሆኑን ያየነው እዚያ ነው። የመምህርነት ሠልጣኝም ለማስተማር ልምምድ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የሚታየው ግን እሱ ሲያስተምር ነው፣ ልጅ ሲማር አይደለም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ ቢሰጠውስ? ቤቱ ሄዶ ሲጫወት ያየዋል፤ ኮረሪማውን ከደን ለይቶ ሲለቅም ያየዋል፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ አፉ ሲለጎም ያየዋል፤ ጆሮው ይስማ፣ ዓይኑ ይይ ያረጋግጣል። የተሳሳታቸውን መልሶች ይሰበስባል። ከዚያ ፒያጄን ይማር። እኔ እስካሁን ከስድስት ሠልጣኞች ጋር በቅዳሜዬ ሞክሬዋለሁ፤ ከስድስቱ ሁለቱ መሀል ላይ ጠፍተውብኛል። አንዷ ግን የምትከታተላት ልጅ ሰሌዳው እንደማይታያት ደርሳበት ለመነጽር አምጥታልኛለች።

ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሮው ደርቋል። እናቱ በንጹሕ ጨርቅ እየጠመዘዘች እንድታደርቅለት አሳይቻት፣ ጠብታውን ሰጥቻት፣ ለታምቡሩ ቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቀ ነው። መምህርቷ ፊት ወንበር ላይ፣ በተሻለው ጆሮው በኩል እሷ እንድትሆን አድርጋ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ወር በአባቱ እጅ ሌላ ወረቀት ላከችልኝ፤ ይሄኛውም ከደብተር የተቀደደ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ነው። «ዶክተር፣ አሁን ያወራል። እንዲያውም ክፍል እየረበሸ አስቸግሮኛል፤ ምን ላድርገው?» ይላል። ገና አልመለስኩላትም፣ ቅዳሜ ስትመጣ እንነጋገርበታለን።

በየዞኑ ያላችሁ ሁሉ በአቅራቢያችሁ የመምህራን ኮሌጅ አታጡም። ጆሮ ማያ ያለው፣ ዓይን መለካት የሚችል፣ ከቅዳሜዎቹ በወር አንዷን የሚሰጥ ስሙን ይጻፍልኝ። ወረቀቱ ከደም ግፊት መለኪያው ጎን፣ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቡናውን ከማንኪራ ይዤላችሁ መጥቻለሁ፤ እየጠጣችሁ ጻፉ።